የካሕሳይ አምስት ፋውል

ቀረብ በሉ እስቲ። ኅዳር ገብቷል፤ የመቐለ ነፋስ ደግሞ ኅዳር ሲገባ በር አያንኳኳም፣ ከፍቶ ነው የሚገባ። እዚህ ግድግዳው ሥር፣ ፀሐይዋ የምታርፍበት ጋ ተቀመጡ፤ ጋቢ የሌለው ከጎረቤቱ ይጋራ። የማወራችሁ የአምናውን ኅዳር ነገር ነው። ረጅም ነው፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስቸግረው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ አትደናገሩም።

ሰው ጥሩና መጥፎ ተብሎ ለሁለት ቢከፈል ኖሮ ኑሮ ምንኛ ቀላል ነበር! መጥፎውን ትሸሹታላችሁ፣ ጥሩውን ትጠጉታላችሁ፣ አለቀ። በዚህ ዕድሜዬም ቆሽቴን የሚያሳርረው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የሚጠቅም ጥፋተኛ። ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ፣ የድንኳኑን ከባድ ምሰሶ ብቻውን የሚያነሣ፣ ምሰሶውን አቁሞ ሳይጨርስ ግን ከእድሩ ሊቀመንበር ጋር አንገት ለአንገት የሚተናነቅ። እንዲህ ያለውን ሰው ጥሩት ቢሏችሁ ትፈራላችሁ፤ ተዉት ቢሏችሁ ድንኳኑ አይቆምም። በየቤቱ አለ። አሁን ስሙ ትዝ ብሏችሁ ፈገግ ያላችሁት ታውቁታላችሁ። ፈገግ ያላላችሁት ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ ቤቱ ካሕሳይ ይባላል። የባለቤቴ የሐጎስ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተድሬ መቐለ ስገባ ካሕሳይ ገና ጺም አላበቀለም ነበር፤ ቁመቱ ግን ያኔም በሩን ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያልፍ። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሞተር ሥር እንዳለ ሰው እየጮኸ ነው የሚያወራ። ሓድነት ሰፈር ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ሐጎስ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ወዲህ በአባት ወገን የቀረን ወንድ እሱ ብቻ ነው። እሱ ብቻ!

አሁን ወደ ልጄ ልጅ ወደ ለተብርሃን ልውሰዳችሁ። ለተ እንላታለን። አባቷ፣ ልጄ፣ ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞተባት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ይህቺ ልጅ በኢንተርኔት የቅርጫት ኳስ ቡድን አላት። ጨዋታ ይሉታል እንጂ የምትጫወተው ነገር የለም፤ ተጫዋቾቹ ስልኩ ውስጥ ራሳቸው ይሯሯጣሉ። የእሷ ሥራ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ጠንክረው ይከላከሉ ወይስ ለዘብ ይበሉ ብሎ ማዘዝ ነው። ደግሞ ወዲያ ማዶ ሌላ አዛዥ አለ፤ ከየት አገር እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ተጫዋቾቹ ሲመጡ የፈረንጅ ስም ነበራቸው። ለተ ስማቸውን እየለወጠች የዘመድ ስም አወጣችላቸው። ለምን ብላት፣ «ዓባየይ፣ በማላውቀው ሰው መናደድ አልችልም» አለችኝ፤ ዓባየይ የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው። ቁጥር ዐሥራ አምስት፣ ከሁሉ ረጅሙ፣ ካሕሳይ ሆነ። ቁመቱን አይታ ነው የሰየመችው ትላለች። እኔ አላምናትም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግጥሚያ አለ። ለተ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት፤ ስልክ ይዞ ማሽን ላይ መቀመጥ ደግሞ አይፈቀድም። ስለዚህ ስልኩ ለእኔ ተተወ፣ አዛዥነቱም አብሮ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን ገበያ አስተምሮኛል፣ ቁጥር ይበቃኛል። ለተ እንዲህ ብላ አስጠናችኝ፦ «በቁጥሩ ጎን ቀይ ነጥብ ከወጣች ፋውል ሠራ ማለት ነው። ጨዋታው አራት ሩብ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሁለት ነጥብ ካየሽ አስወጪው። ሦስተኛዋ ከመጣች እስከ ዕረፍት ወንበር ላይ ይቀመጥ። አራተኛዋ ከመጣች ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቆጥቢው። አምስተኛዋ ከመጣች አለቀ፤ ብታለቅሺም አይመለስም።»

ቀላል ይመስላል አይደል? ኑና ሞክሩት።

ካሕሳይን ባስወጣው፣ የተጋጣሚው ረጅም ሰውዬ ቀለበታችን ሥር ድንኳን ተክሎ ያገባብናል። ባስገባው፣ ኳሱን ይነጥቃል፣ ከኳሱ ጋር ክንድም ይነጥቃል። ለተ ያሳየችኝን የ«ለዘብ በሉ» ቁልፍ ስነካ፣ ትእዛዙ ለካሕሳይ አይደርሰውም፤ የሚለዝቡት ሌሎቹ አራቱ ናቸው። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ከበሩ ዞር ብለው ተጋጣሚውን ያሳልፉታል። የካሕሳይ ተቀያሪ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ሐጎስ፣ ቁጥር ሰባት። ባለቤቴ በሕይወቱ ሰው ገፍቶ አያውቅም፤ ታክሲ እንኳ ሲጠብቅ ሰዉን ሁሉ አሳልፎ በመጨረሻ ነበር የሚገባ። የስልኩም ሐጎስ እንዲሁ ነው። አንዲት ቀይ ነጥብ አግኝቶ አያውቅም፤ አንድ ሰው አስቁሞም አያውቅም። ንጹሕ ሆኖ ይገባል፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ በመሃሉ ሃያ ነጥብ ይቆጠርብናል። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ተቆጥቼው የማላውቀውን ሰውዬ በሞተ በስንት ጊዜው «ኧረ አንድ ጊዜ እንኳ ምታ!» ብዬ ጮኽኩበት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለተ ለካሕሳይ ያላደረገችለት የለም። ትዕግሥት የሚባል ልምምድ አለ፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሌላውን ትታ እሱን ብቻ አለማመደችው። በስድስተኛው ሳምንት በአንድ ሩብ ሦስት ፋውል ሰበሰበ። ትዕግሥቱን ተምሮት ይሆናል፤ ሲጠቀምበት ግን አላየሁም።

በዚህ መሃል ነው ለተን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ መሆኑ የተነገረን። ልጁ ፍስሓ ይባላል፤ እንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጭምት ልጅ ነው። ለተ ስሙን ስትጠራ የሻይ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ ታጥባለች፤ ከዚያ በላይ ምን ልጠይቃት?

ችግሩ ምን መሰላችሁ። ሽማግሌ ሲመጣ የሚቀበለው የአባት ወገን ነው። ያውም ዘር ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና አለመኖሩ ካልተረጋገጠ ነገር አይቋጭም። እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፣ የባለቤቴን ዘር ከአያቱ በላይ አላውቅም። ሰባቱንም ከነቅጽል ስማቸው የሚያውቅ ካሕሳይ ብቻ ነው። ካሕሳይ ከሌለ ነገሩ አይሆንም። ካሕሳይ ካለ ደግሞ... የለተን ታላቅ እህት የጠየቁትን ሽማግሌዎች የተቀበለ እሱ ነበር። ሰዎቹ ገና ሳይቀመጡ አንደኛውን «አንተ የድንበር ድንጋይ ገፍተህ የተከሰስከው አይደለህም?» አለው። ሰዎቹ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ልጅቷም ካሕሳይን ሰላምታ ከነፈገችው ዓመታት አልፈዋል።

እና በዚያ ቅዳሜ፣ እሑድ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ይህንኑ እያሰብኩ ስልኩ ላይ ተጎንብሻለሁ። ካሕሳይ ሁለት ነጥብ አለው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ «አስወጣ» የሚለውን ስነካ አይሰማኝም። ሦስተኛዋ ነጥብ ብቅ አለች። ነደደኝ። «ኧረ ካሕሳይን አስወጡልኝ! ካሕሳይ እንደገና ሰው መታ! ይህን የማይረባ ረጅም ወዲያ አስቀምጡልኝ!» ብዬ ለቀቅሁት። ብቻዬን ነኝ፤ ማንን እንደማዝ እኔም አላውቅም።

ግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ግን ጆሮ ነበረው።

በሩ ላይ ቁመቱ ጋረደኝ። «ኣንቲ ወይንሸት! ማንን ነው መታሁ የምትይው?»

«አንተን አይደለም ካሕሳይ። ካሕሳይን ነው።»

«በዚህ ሰፈር ስንት ካሕሳይ አለ?»

ምን ልበል፣ ስልኩን አሳየሁት። መነጽሩን አወጣ፣ በጋቢው ጠረገ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። «የትኛው ነኝ?» አለ። ረጅሙ ነህ አልኩት። ትንሽ ደስ አለው፣ አየሁት። «አሁን ታዲያ የት ነው ያለሁት?»

«አሁን ገና ኔትወርኩ ሰምቶኝ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል።»

«ለምን?»

«ስለምትመታ።»

«በእኔ ቦታ ማን ገባ?»

«ሐጎስ።»

«ሐጎስ!» ብሎ ዘሎ ተነሣ። «ሐጎስ ኳስን ከበግ አይለይም ነበር! እኔን አስቀምጣችሁ ሐጎስን?» በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። «በቃ፣ ወንበር ላይ ነኝ። እሑድም እዚያው ወንበሬ ላይ ነኝ። ሽማግሌዎቹን ሐጎስ ይቀበላቸው!»

ሄደ። እኔም ስልኩን ይዤ ቀረሁ፤ በጨዋታውም ተሸነፍን።

ሦስት ቀን ለመንኩት። በግድግዳው ላይ ለመንኩት፣ በበሩ ለመንኩት፣ በሚስቱ በኩል ለመንኩት። እንቢ! በአራተኛው ቀን የነፍስ አባታችንን አመጣሁ። ቄሱ ነገሩን ከሁለታችንም በጥሞና ሰሙና፣ «ይህ የተመታው ሰው ቆስሏል?» አሉ። አልቆሰለም፣ ስልክ ውስጥ ነው አልናቸው። «ይህ መቺው ካሕሳይስ ንስሐ ገብቷል?» አሉ። ስድስት ሳምንት ትዕግሥት ተምሯል አልኳቸው። ቄሱ ራሳቸውን ያዙ። ብቻ ሲነጋገሩ ዋሉና እርቁ በአንድ ነገር ታሰረ፤ የሚመጣው ቅዳሜ የስልኩ ካሕሳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰለፍ፣ አንዲት ደቂቃ እንዳይወጣ፣ ራሱም ተቀምጦ ይይ። ይህ ከተፈጸመ እሑድ ሽማግሌዎቹን ይቀበላል። እኔም በቄሱ ፊት ቃሌን ሰጠሁ።

ማታ ለተ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻሽ ጀመር።

«ዓባየይ፣ ቅዳሜ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንወርዳለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የለፋሁበት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ የኔ ልጅ?»

«ይውረድ» አለች። «እሑድ ብቻ ይቀመጥልኝ። አንድ ሰው እንኳ ሳይመታ።»

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። ካሕሳይ ተላጭቶ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ መጣ፤ ራሱን ሊያይ ነውና። ስልኩን ማሰሮ ላይ አስደግፈን ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ የቀይ ነጥቦቹንም ሕግ ነገርኩት። መጀመሪያ ላይ ደስታው አይጣል ነበር። ከቀለበቱ የተመለሰውን ኳስ ሁሉ ካሕሳይ ነው የሚይዘው። «አየሽኝ? አየሽኝ?» ይላል ክንዴን እየመታ። ክንዴ እስካሁን ያመኛል።

የመጀመሪያዋ ቀይ ነጥብ ወጣች። «ዳኛው ዕውር ነው» አለ። ሁለተኛዋ ወጣች። «ዳኛው ከእነሱ አገር ነው» አለ። ሦስተኛዋ ከዕረፍት በፊት ስትወጣ ዳኛውን መውቀስ ተወ። የሆነውን ደግሞ አይቶታል፤ ያ የስልኩ ካሕሳይ ኳሱ አልፎት ከሄደ በኋላ፣ ምንም በማይጠቅምበት ሰዓት፣ ለንዴቱ ያህል ብቻ ነው ሰውዬውን የደቃው።

በሦስተኛው ሩብ አራተኛዋ መጣች። ካሕሳይ ወደ እኔ ዞረ። «አስወጪኝ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ኣንቲ፣ አምስተኛዋ ከመጣች አልመለስም አላልሽም? አስወጪኝ እንጂ!»

«በቄስ ፊት ነው ቃል የሰጠሁት ካሕሳይ።»

«ቄሱን እኔ እነግራቸዋለሁ! ትንሽ ላርፍ! ለመጨረሻው እኮ ለእነዚህ ልጆች አስፈልጋቸዋለሁ!» ብሎ ጣቱን ስልኩ ላይ ሰደደ። እጁን መታሁት። እኔም ሰው መታሁ እንግዲህ። ደግሞ ንዴቴ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ የለተ ሁለት ዓመት እየፈረሰ ነው፣ እሱ ራሱ የጠየቀውን እሱ ራሱ ይለምነኛል። «አንተው አይደለህም አንዲት ደቂቃ አልወጣም ያልከው? ተቀመጥና እይ!» አልኩት።

አምስተኛዋ መጣች። ቁጥር ዐሥራ አምስት ከሜዳው ጠፋ፤ ሐጎስ በእርጋታው ገባ። በዐሥራ አንድ ነጥብ ተሸነፍን። ወረድን።

ካሕሳይ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ሞተሩ እንደጠፋ መኪና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ወጥቼ ነው እንጂ ቀሪዎቹ ደኅና ልጆች ናቸው» አለ። ተነሥቶ ሄደ። እሑድ ይመጣ አይመጣ አልተናገረም፤ እኔም መለመን ሰልችቶኝ አልጠየቅሁትም።

እሑድ መጣ። ጠዋት ከቅዳሴ መልስ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሶ፣ ከሁሉ ፊት ተቀመጠ። ለተ ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ሦስት ሽማግሌዎች መጡና በወጉ በር ላይ ቆሙ። ግማሽ ሰዓት ዘግይተዋል።

«ሰዓት የላችሁም ወይስ መንገድ ጠፋባችሁ?» አለ ካሕሳይ። አንድ አልኩ በሆዴ።

ሳቅ ብለው አለፉትና ተቀመጡ። ልጁ ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኑን ሲናገሩ፣ «ተቀምጦ ነው የሚጠግነው? ተቀምጦ የሚሠራ ወንድ መቼም ትከሻ የለውም» አለ። ሁለት። ጓዳ ውስጥ የሆነ ዕቃ ወደቀ።

ዘር መቆጠር ተጀመረ። መካከለኛው ሽማግሌ የልጁን ወገን ሲቆጥር አምስተኛው ላይ ተደናቀፈ፤ አንዱን አያት ሁለት ጊዜ ጠራው። «አያቱን የማያውቅ ሰው ሽማግሌ ብለው ላኩብን!» አለ ካሕሳይ። ሦስት። የሰውዬው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ዱላው ሲሄድ አየሁ። ዱላ ሲነሣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፤ የለተ እህትም ታውቃለች። ካሕሳይ አፉን ከፈተ። አራተኛው ምላሱ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ በዓይኔ አየሁት ስላችሁ እመኑኝ።

አፉን ገጠመው። ብድግ አለ።

«ሦስት ሞልቶብኛል» አለ። «ትንሽ ውጭ እቀመጣለሁ። ወይንሸት፣ ግቢ።» ጋቢውን ሰብስቦ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ አልፎ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የልጅቷ ወገን ትቷቸው ሲወጣ ስድብ ነው፣ ምን ሌላ ይባላል? ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «ይቅርታ አድርጉለት አባቶቼ፣ ፊኛውን ያመዋል፣ መቀመጥ አይችልም። ሕመሙ ነው ቁጡ ያደረገው» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ፊታቸው በራ። «እዋይ! እኔንም እንዲሁ እኮ ነው የሚያደርገኝ» አሉ። ሌላውም የራሳቸውን ጀመሩ። ያ የተሰደበው መካከለኛውም ዱላውን ለቀቀና «ተልባ ይጠጣ» አለ። እኔም ገባሁበት፤ የልጁን ጭምትነት አመሰገንኩ፣ ለተ ትሑት ናት አልኩ፣ የመጡበትን መንገድ ድካም ጠየቅሁ። የማላውቀውን ሁሉ አወራሁ። ግን ዘሩ ይቆጠር ሲሉ ቆምኩ፤ ያ የእኔ ቦታ አይደለም።

ወጣሁ። ካሕሳይ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል።

«ስንት ቀረ?» አለኝ።

«ዘር ቆጠራው ብቻ።»

«ያ አያቱን ያጣው ሰውዬ አለ?»

«አለ።»

«አልነካውም» አለና ተነሣ።

ገባ። እጆቹን ጋቢው ውስጥ ቆልፎ ሰባት ቤት ቆጠረ፤ ስም በስም፣ አገር በአገር። ሰውዬው እንደገና አምስተኛው ላይ ሲደናቀፍ ካሕሳይ ከንፈሩን ነከሰ፤ ቀጥሎ እንዲህ ሲል በጆሮዬ ሰማሁ፦ «ምናልባት የአጎቱን ስም ለማለት ፈልገው ይሆናል አባቴ።» ሰውዬው «አዎ፣ አዎ» ብሎ አመሰገነ። ዝምድና የለም ተባለ። ልጃችን ተሰጠች። ጓዳው ውስጥ ለተ እልል ስትል ቀድማኝ ነው፤ ሙሽራ በራሷ ነገር እልል አትልም ብዬ በኋላ ተቆጥቻታለሁ።

የሆነው ሁሉ ይኸው ነው። ለተና ፍስሓ ጥር ላይ ተጋቡ፤ እንዳ ኢየሱስ ዳገቱ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ፣ እሷም ሥራዋ ላይ ናት። ታላቅ እህቷ ሠርጉ ላይ ካሕሳይን ጉንጩን ሳመችው፤ ብዙ አላወሩም፣ ግን ሳመችው። ቡድኑ እስካሁን ታችኛው ሊግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን ፍስሓ ያዛል፤ እሱም እንደ ሐጎስ ሰው የማይገፋ ስለሆነ መቼም የሚወጡ አይመስለኝም። ቁጥር ዐሥራ አምስትን አርጅቷል ብሎ ጨዋታው ራሱ አሰናበተው።

ካሕሳይ ግን በሰፈሩ ተፈላጊ ሽማግሌ ሆኗል። ሦስተኛውን ክፉ ቃል ሲናገር ብድግ ብሎ ይወጣል፣ ትንሽ ተቀምጦ ይገባል፤ አራተኛ ተናግሮ አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ እያዘነለት የተቆላ ተልባ ያመጣለታል። እሱም ይጠጣዋል። ለምን እንደሚያመጡለት ጠይቆ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም።